ጥቀርሻ ከየት ይወለዳል? ስለ ነዳጅ ጠባይና ስለ ነበልባል የቀረበ ትምህርት

የቀድሞ ጸሐፍት በብራና ላይ የሚጽፉበትን ጥቁር ቀለም ሲያዘጋጁ ከሚያስፈልጓቸው ነገሮች አንዱ ከድስትና ከምጣድ ቂጥ ተፍቆ የሚወሰደው ጥላሸት ነበር። ይህ ቀለም ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ እንኳ ሳይደበዝዝ ትናንት የተጻፈ መስሎ ይታያል። ምክንያቱም ጥላሸት ከሞላ ጎደል ካርቦን ስለ ሆነ ነው፤ ካርቦን ደግሞ ፀሐይ አያደበዝዘውም፣ ውሃ አያሟሟውም፣ ሻጋታም አይበላውም። ለብራና እንዲህ ያለው ጽናት ታላቅ በረከት ነው። ለሰው ሳንባ ግን አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ የማይሟሟና በቀላሉ የማይወጣ እንግዳ መሆኑ ነው።

በዚህ ወር የምንመለከተው ይህ ጥቁር ነገር እንዴት እንደሚፈጠር ነው። ብዙ ሰው ጥቀርሻ የሚበዛው ቤቱ ስላልተጠረገ ወይም የጢስ መውጫ ስለሌለው ብቻ ይመስለዋል። መጥረግም ሆነ የጢስ መውጫ ማበጀት መልካም ነገር ነው፤ ዳሩ ግን ጥቀርሻው የሚወለደው ከዚያ አስቀድሞ በነበልባሉ ሆድ ውስጥ ነው። ምን ያህል እንደሚወለድም በመጀመሪያ የሚወስነው የሚነደው ነገር ከምን እንደ ተሠራ ነው። መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ በዓይን ሊያሳዩት ይችላሉ፤ የሚያስፈልጉት ሻማ፣ ክብሪትና አንድ ነጭ የሸክላ ሳህን ብቻ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎች ልብ ይበሉ።)

ሻማውን ለኩሱና ነፋስ በሌለበት ስፍራ ረግቶ ሲነድ ተመልከቱት። በክሩ ዙሪያ ጨለም ያለ ክፍል አለ፤ ከሥር ዳር ዳሩን ስስ ሰማያዊ ቀለም ይታያል፤ የቀረው ትልቁ ክፍል ቢጫ ነው። አሁን ሳህኑን በመቆንጠጫ ይዛችሁ በቢጫው መካከል ለሁለት ሴኮንድ ያህል አግቡት። ወዲያው ጥቁር ማኅተም ይታተምበታል። ሳህኑን ጠርጋችሁ ደግሞ ከነበልባሉ ጫፍ አራት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። በዚህ ጊዜ ሳህኑ ይሞቃል እንጂ እምብዛም አይጠቁርም። እንግዲህ ተማሪዎቹን፣ «በመካከል የነበረው ጥቁር ነገር ጫፉ ላይ ሳይደርስ ወዴት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱ፣ በጉዞው ላይ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ተቃጠለ ነው።

ይህን ምስጢር ለሕዝብ በግልጥ ካስተማሩት ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ነው። በለንደን በሮያል ኢንስቲትዩሽን በ1860 መጨረሻና በ1861 መጀመሪያ ስለ ሻማ ብቻ ስድስት ትምህርቶችን ለወጣቶች ሰጥቷል። ከእርሱ አስቀድሞ መምህሩ የነበረው ሰር ሃምፍሪ ዴቪ የነበልባል ብርሃን የሚመጣው በውስጡ ግለው ከሚያበሩ ጥቃቅን የካርቦን ቅንጣቶች መሆኑን አስረድቶ ነበር። ይህም ማለት የሻማው ቢጫ ብርሃን፣ አንጥረኛ በፍም ያጋለው ብረት እንደሚያበራ ሁሉ፣ የጋለ ጥቀርሻ ብርሃን ነው። በሻማ የሚያነብ ሰው በእውነቱ በጥቀርሻ ብርሃን ያነባል። ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ፤ ለመብራት የተሠራ ነበልባል ጥቀርሻ መፍጠርና ከዚያም የፈጠረውን ማቃጠል ግዴታው ነው፤ ለማብሰያ የተሠራ ነበልባል ግን ብርሃን ስለማያስፈልገው ቢጫ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

እግረ መንገዳችንን ስለ ደጋ አገር አንድ ነገር እናንሣ። በ1859 ኤድዋርድ ፍራንክላንድና ጆን ቲንዳል የተባሉ ሊቃውንት ሻማዎች ይዘው በአውሮፓ ሞን ብላን በሚባለው ተራራ ጫፍ ላይ አደሩ። ሻማዎቹ በዚያ ከፍታ የጨረሱት ሰም በሸለቆው ከሚጨርሱት ጋር የሚመጣጠን ሆኖ ሳለ ብርሃናቸው ግን እጅግ ደክሞ አገኙት። አየሩ ሲሳሳ ግሎ የሚያበራው ጥቀርሻ ያንሳልና ነው። አዲስ አበባም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ከዚህ ነገር ጥቂት ይደርሳታል። ይሁን እንጂ ይህ ደገኛውን ከጢስ ይጠብቀዋል ብሎ የሚያስብ ቢኖር የወጥ ቤቱን ጣራ ቀና ብሎ ይመልከት።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ሰምም ሆነ ላምባ ወይም እንጨት ሲነድ በመጀመሪያ በሙቀት ወደ ጋዝ ይለወጣል። ይህ ጋዝ አየር በማይደርስበት በነበልባሉ መካከል ሲግል ሞለኪውሎቹ ይሰባበራሉ፤ ስባሪዎቹም ሃይድሮጅናቸውን እየጣሉ ካርቦን ከካርቦን ጋር መያያዝ ይጀምራል። በዚያ ስፍራ በብዛት ከሚገኙት ስባሪዎች አንዱ አሴቲሊን ነው፤ ይህም ሁለት ካርቦንና ሁለት ሃይድሮጅን ብቻ ያለው ጋዝ ነው። ከእንዲህ ያሉ ስባሪዎች ስድስት ካርቦኖች ክብ ሠርተው ሲያያዙ የቤንዝን ቀለበት የሚባለው ይፈጠራል። (የኬሚስቶች ቤንዝን ለመኪና ከምንቀዳው ቤንዚን ጋር አንድ አይደለም፤ በቤንዚን ውስጥ በጥቂቱ የሚገኝ ራሱን የቻለ ነገር ነው።) ይህ ቀለበት አሴቲሊን እየተቀበለ በጎኑ ሁለተኛ ቀለበት ያበጃል፤ ከዚያም ሦስተኛ፣ አራተኛ እያለ እንደ ማር እንጀራ ይሰፋል። እነዚህ ገጾች ይነባበሩና ከ20 እስከ 50 ናኖሜትር የሚሆን እንክብል ይሠራሉ፤ አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። እንክብሎቹ ደግሞ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተቀጣጥለው በዓይን የምናየውን ጥቁር ብናኝ ይሆናሉ። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ዓይን ተጨፍኖ ከሚገለጥበት ባነሰ ጊዜ ነው።

የነዳጅ ልዩነት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ ሥራ ከባዱ የመጀመሪያውን ቀለበት መሥራት ነው፤ አንድ ቀለበት ከተገኘ በኋላ የሚከተሉት ይቀላሉ። በተፈጥሮው ቀለበት የሌለው ነዳጅ ከስባሪ ተነሥቶ ቀለበቱን ማበጀት ይኖርበታል፤ እስኪያበጅም ድረስ አብዛኛው ክፍል አየር አግኝቶ ይቃጠላል። ቀለበት ያለው ነዳጅ ግን መሠረቱ ተጥሎለት ግድግዳ ማቆም ብቻ እንደ ቀረው ቤት ነው።

ምሳሌዎቹን ከቀላሉ እንጀምር። ከእበትና ከጥራጊ በጉድጓድ ተብላልቶ የሚወጣው ባዮጋዝ በውስጡ የሚነደው ሜቴን ነው፤ በአንድ ካርቦን ላይ አራት ሃይድሮጅን ስላለው ከሁሉ ይልቅ ከጥቀርሻ የራቀ ነው። በሲሊንደር የሚሸጠው ቡታጋዝ ከሦስትና ከአራት ካርቦኖች የተሠራ ቀጥተኛ ሰንሰለት ሲሆን ቀለበት የለውም፤ አስቀድሞ ከአየር ጋር ተደባልቆ ሲነድ ነበልባሉ ሰማያዊ ነው። አሴቲሊን ግን ከቡታጋዝ ያነሰ ሞለኪውል ሆኖ ሳለ ጠባዩ ሌላ ነው። በጋራዥ የጋዝ ብየዳ ሲሠራ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ በያጁ ኦክሲጅኑን ሳይከፍት አሴቲሊኑን ብቻ ሲለኩስ ጥቁር የጥቀርሻ ክር በአየር ላይ እየተንሳፈፈ በሠራተኞቹ ራስ ላይ ያርፋል፤ ቀለበት የሚሠራበት ጡብ ራሱ ነውና። ኦክሲጅኑ ሲከፈት ጥቁሩ ወዲያው ይጠፋል። በመጨረሻ ቤንዝን፣ በቀለም ማቅጠኛ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቶሉይን፣ ሁለት ቀለበት ያለው ናፍታሊንም አሉ። የእነዚህ ነበልባል ጥቁር ጭራ ያለው ነው። ናፍታሊን ማለት በልብስ ሣጥን ውስጥ ብል እንዳይበላ የሚቀመጠው ነጭ እንክብል ነው፤ መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ እንዳያነዱት አደራ እላለሁ።

በሌላው ዳር ደግሞ አልኮል አለ። በኤታኖል ሞለኪውል ውስጥ ከሁለቱ ካርቦኖች ጋር አንድ ኦክሲጅን አብሮ ታስሯል፤ ይህም ካርቦኑን ከሌላ ካርቦን ጋር ሳይያያዝ ወደ መቃጠል ይስበዋል። ስለዚህ ሳህናችሁን በአልኮል መብራት ነበልባል ውስጥ ብታገቡት ነጭ ሆኖ ይወጣል ለማለት ይቻላል። ሜታኖል ግን አንድ ካርቦን ብቻ ስላለው ጥቀርሻ ከነጭራሹ አይሠራም፤ በቀን ብርሃን ነበልባሉ እንኳ አይታይም። ይህ ለጤና የሚመች መስሎ ቢታይም የማይታይ እሳት ሰውን ሳያስጠነቅቅ ያቃጥላል፤ ሜታኖልን መጠጣትም ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም።

በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለሁ ይህን የነዳጅ ጠባይ በቁጥር የምንለካበት አንድ ትንሽ መብራት ነበረን። ከነበልባሉ በስተኋላ በሚሊሜትር የተሠመረ መለኪያ አለ፤ ክሩን ቀስ በቀስ ከፍ እያደረጉ ነበልባሉ ጢስ መጣል ሲጀምር ቁመቱን ማንበብ ነው። ከፍ ብሎ ሳይጤስ የሚነድ ነዳጅ ንጹሕ ነው፤ ገና አጭር ሳለ የሚጤስ ነዳጅ ባለ ቀለበት ነው። ቀለበት የሌለው ኢሶኦክቴን የሚባለው ፈሳሽ ጢስ የሚጀምረው በ42.8 ሚሊሜትር ነው። በውስጡ ከመቶ 20 እጅ ቶሉይን ቢጨመርበት ቁመቱ ወደ 22.7 ይወርዳል፤ ከመቶ 40 እጅ ሲሆን ወደ 14.7። አምስተኛው እጅ ብቻ ተለውጦ ቁመቱ ወደ ግማሽ መውረዱን ስመለከት እኔ ራሴ መለኪያው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። በዚሁ ዘዴ የአውሮፕላን ነዳጅ ይመረመራል። በቦሌ ለአውሮፕላን የሚቀዳው ነዳጅ የላምባ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ የጢስ ቁመቱ ከ25 ሚሊሜትር እንዳያንስ፣ ቢያንስም የናፍታሊን ዓይነቶች ከመቶ 3 እጅ እንዳይበልጡ በደንብ ተወስኗል። ለአውሮፕላን ሞተር የሚደረገው ይህ ጥንቃቄ፣ ልጆች ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ለሚያጠኑበት ኩራዝ አለመደረጉ ያሳዝናል።

ስለ ኩራዝ ከተነሣ እኔም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቴን ያጠናሁት በእርሱ ነው። ጠዋት አፍንጫዬን ስጠርግ ጣቴ ይጠቁር ነበር፤ እናቴም፣ «ልጄ፣ ቀለሙ በዛብህና በአፍንጫህ ፈሰሰ» እያለች ትስቅ ነበር። ያ ቀለም ምን ያህል እንደ ሆነ ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በ2012 በአሜሪካ የኢሊኖይና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት እንዳመለከተው፣ መስታወት በሌለው ባለ ክር መብራት ከሚነደው ላምባ ከመቶ ከ7 እስከ 9 እጅ የሚሆነው ክብደት ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። አንድ ኪሎ ላምባ በኩራዝ ሲነድ ከ70 እስከ 90 ግራም ጥቀርሻ ወደ ቤቱ አየር ይገባል ማለት ነው። ከሚነደው ነገር ሁሉ ይህን ያህል ጥቀርሻ ለቤት የሚያወርስ ጥቂት ነው። ላምባው በውስጡ ባለ ቀለበት ሞለኪውሎች አሉት፤ ክሩ ከሚፈለገው በላይ ይስባል፤ አየሩም በቂ ሆኖ አይመጣም። ላምባ ቢጠፋበት ናፍጣ በኩራዝ የሚያነድ ሰው ካለ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል፤ ናፍጣ የከበዱ ሞለኪውሎችና ባለ ሁለት ቀለበት ዓይነቶች ይበዙበታልና። ቤንዚን ግን ፈጽሞ አይነካም፤ ፈንድቶ ቤት ያቃጥላል።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ ሁሉ የነዳጁ ብቻ አይደለም። የጄኔቭ ተወላጅ የሆነው ኤሜ አርጋን በ1780 መካከሉ ክፍት የሆነ ክብ ክር ያለው መብራት ሠራ፤ በዙሪያውም የመስታወት ቱቦ ተደረገበት። መስታወቱ አየርን ከሥር ወደ ላይ አጥብቆ ስለሚስብ ጥቀርሻው ሳይወጣ ያልቃል፤ ብርሃኑም ይደምቃል። የዛሬው ፋኖስ በዚሁ ሐሳብ ይሠራል። መስታወቱ ተሰብሮ ሳይተካ የሚነድ ፋኖስ ግን ዋጋው የተወደደ ኩራዝ ነው። የሆነ ሆኖ የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ባወጣው መመሪያ ላምባ በቤት ውስጥ ለማብሰያም ለመብራትም እንዳይውል መክሯል፤ ፀሐይ በሚያጠራቅም የእጅ መብራት መተካት በሚቻልበት ስፍራ ሁሉ ፋኖሱም ቢሆን ጊዜው አልፏል።

አሁን ወደ ወጥ ቤት እንግባ። ደረቅ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን፣ ከመቶ 6 እጅ ያህሉ ሃይድሮጅን ሲሆን የቀረው አብዛኛው ኦክሲጅን ነው። በአሠራሩም ሁለት ዓይነት ነገር አለው። አንደኛው ሴሉሎስ ሲሆን የወረቀትና የጥጥ ወገን ነው፤ ኦክሲጅን የሞላበት ነው፣ የቤንዝን ቀለበት የለውም። ሁለተኛው እንጨቱን የሚያጠነክረው ሊግኒን ነው፤ ይህ ግን በቀለበት የተሠራ ነው። ኩበት ከእንጨት ይልቅ ለምን እንደሚከፋ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ የከብት ሆድ ሴሉሎሱን ለራሱ ወስዶ ሊግኒኑን መፍጨት ስለማይችል ይመልሰዋል። ስለዚህ ኩበት የሚያነድ ሰው ከብቱ የተወውን ያነዳል፤ በዚያ ላይ አመዱ ብዙ ነው፣ ነበልባሉም ደካማ ነው። ሙጫ ያለው ጥድና ዘይት ያለው የባሕር ዛፍ ቅጠል ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ እንፋሎት ስለሚለቁ አየሩ አይበቃቸውም። የብርቱካን ልጣጭ በሻማ ነበልባል ፊት ብትጨምቁ ፍንጣሪው ሲንጣጣና ጢሱ ሲጠቁር ታያላችሁ፤ እርሱም የዚያው ዘይት ወገን ነው።

እዚህ ላይ ነጭ ጢስና ጥቁር ጢስ አንድ አለመሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዕጣን በፍም ላይ ሲደረግ ነጭ ጢስ ይወጣዋል፤ እሳት ሲይዘው ግን ወዲያው ጥቁር ጭራ ያወጣል። ነጩ ገና ያልነደደ እንፋሎት በጥቃቅን ጠብታ መልክ የወጣ ነው፤ ጥቁሩ በነበልባል ውስጥ ገብቶ ሳያልቅ የቀረ ነው። እርጥብ እንጨት ውሃውን ለማድረቅ ሙቀቱን ስለሚጨርስ ነጩን ያበዛል። ሁለቱም ሳንባን ይጎዳሉ፤ ነጩ ዓይንን ይበልጥ ያስለቅሳል።

በከተማ ደግሞ ከሰል ለማቀጣጠል ፌስታል ወይም የፕላስቲክ ዕቃ የሚያነዱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ፌስታል የተሠራው እንደ ሻማ ሰም ቀጥተኛ ከሆነ ረጅም ሰንሰለት ስለ ሆነ ይንጠባጠባል፣ ጢሱም መካከለኛ ነው። ምግብ የሚታሸግበት ነጭና ቀላል ፎም ግን በየሁለት ካርቦኑ አንድ ቀለበት ተንጠልጥሎበታል። ሲነድ የሚወጣው ጢስ ለምን እንደ ሬንጅ እንደሚጠቁር፣ በገመድ የተያያዘ ጥቁር ላባ መስሎም ለምን እንደሚበር እስከ አሁን ያነበበ ሰው ሳይነገረው ያውቃል። የክሎሪን ንጥረ ነገር ያለባቸው ፕላስቲኮችም ስላሉ፣ እነዚህ ሲነዱ ሌላ መርዝ ይጨምራሉ። ምግብ በሚበስልበት እሳት ውስጥ ፕላስቲክ የሚገባበት ምንም ምክንያት የለም።

ይህ ሁሉ የኬሚስትሪ ትምህርት በጤና መጽሔት ላይ የወጣው ስለ ምን ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ምክንያቱ እነሆ። በ1775 ፐርሲቫል ፖት የተባለ የለንደን ቀዶ ሐኪም በልጅነታቸው የጢስ መውጫ በመጥረግ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች በብልታቸው ቆዳ ላይ ካንሰር እንደሚይዛቸው ጽፎ ምክንያቱ በቆዳቸው እጥፋት የሚቀመጠው ጥቀርሻ መሆኑን ገለጠ። በ1892 ሄንሪ በትሊን የተባለ ሌላ ሐኪም ይህ በሽታ ከእንግሊዝ ውጭ በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ጠራጊዎች ላይ ለምን እምብዛም እንደማይታይ መርምሮ፣ እነዚያ ሰውነታቸውን የሚሸፍን ልብስ መልበሳቸውንና በየጊዜው መታጠባቸውን ተመለከተ። በ1915 ጃፓናውያኑ ያማጊዋና ኢቺካዋ የጥንቸል ጆሮ በድንጋይ ከሰል ሬንጅ ደጋግመው በመቀባት ካንሰር አመጡበት። በመጨረሻም በ1933 በለንደን የነበሩ ተመራማሪዎች ከሁለት ቶን ሬንጅ ውስጥ ጥፋተኛውን ነጥለው አወጡት፤ ቤንዞፓይሪን ይባላል፤ አምስት ቀለበቶች የተያያዙበት ሞለኪውል ነው።

አምስት ቀለበቶች! ከላይ ቀለበት በቀለበት እየተጨመረ ጥቀርሻ ይሠራል ያልነውን አስታውሱ። እንግዲህ ይህ መርዝ ወደ ጥቀርሻነት ጉዞ ጀምሮ መንገድ ላይ የቀረ፣ ወይም በጥቀርሻው ገላ ላይ ተለጥፎ የሚጓዝ ነገር ነው። ብናኙ ከ2.5 ማይክሮን ያነሰ ስለ ሆነ አፍንጫና ጉሮሮ አያግዱትም፤ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይደርሳል፤ ከእርሱም ጋር የተለጠፈውን ሁሉ ያደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በግምቱ በ2020 በቤት ውስጥ በሚነድ ነዳጅ በሚበከል አየር ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ሞቱ ገልጧል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ በሳንባ ምች የሞቱ ሕፃናት፣ በልብና በአንጎል የደም ሥር በሽታ እንዲሁም በሳንባ በሽታ የሞቱ አዋቂዎች ናቸው። በእሳት አጠገብ ከሁሉ ይልቅ ረጅም ሰዓት የምትቆየው ሴት ናት፤ ሕፃኑም በጀርባዋ ታዝሎ ያንኑ አየር ይተነፍሳል።

ከዚህ በኋላ የምጽፈውን አንባቢ በተለይ እንዲያስተውለው እለምናለሁ፤ እስከ አሁን ያልሁትን በተሳሳተ መንገድ የሚረዳ ሰው ሊጎዳ ይችላልና። ጥቀርሻ አለመኖሩ መርዝ አለመኖሩን አያስረዳም። ከሰል እንጨቱ ሲከሰል ጋዙና ሬንጁ አስቀድሞ የወጣለት ስለ ሆነ ነበልባል የለውም ማለት ይቻላል፤ ነበልባል ከሌለ ጥቀርሻ የሚወለድበት ማኅፀን የለም። ድስቱ አይጠቁርም፣ ዓይን አይለቅስም። ነገር ግን የጋለው ካርቦን አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይሰጣል፤ ይህም ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ በውስጡ ይታፈናል። በሥራዬ ካየሁት ሁሉ የማልረሳው በአንድ የክረምት ሌሊት የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብተው በር ዘግተው የተኙትን ሦስት ሰዎች ነው። ጠዋት ጎረቤት በሩን ሰብሮ ሲገባ ሁለቱ በሕይወት ተገኙ። ግድግዳው በኖራ የተቀባ ነጭ ነበር፤ አንድም የጥቀርሻ ነጥብ አልነበረበትም።

ብዙ ሰው «ከሰሉ ጢሱ ወጥቶለት ከቀላ በኋላ አይጎዳም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው፤ የቀላው ፍምም ጋዙን ይሰጣል። ሰዎች ከሰል በነደደበት ክፍል ተቀምጠው ራሳቸውን ቢያማቸው፣ ቢያቅለሸልሻቸው ወይም ጉልበታቸው ቢዝል ጉንፋን ነው ሳይባል ወዲያው ወደ ውጭ ማውጣትና ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ይገባል። ለመኝታ ክፍል ከሰል ማስገባት ክልክል ነው ብሎ መያዝ ይሻላል።

በቤታችን ልናደርገው የምንችለውን በአጭሩ ላንሣ። እንጨት የሚያነድ ሰው አድርቆና በቀጭኑ ፈልጦ ያንድደው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ከማጨቅ በየጥቂቱ መጨመር ጢሱን ይቀንሰዋል፤ እንጀራ የሚጋገረው በሦስት ጉልቻ ላይ ከሆነ ማገዶውን ወደ ግማሽ የሚቆጥበውን ምርጥ ምድጃ ይግዛ። ማገዶው ሲያንስ ጢሱም ያንሳልና። ሻማ የሚያበራ ሰው ክሩ ሲረዝም ይቁረጠው። ኤሌክትሪክ ያለው ሰው ለመጋገሪያም ለማብሰያም እርሱን ማስቀደም አለበት፤ በቤቱ ውስጥ የሚነድ ነገር የለምና። ቡታጋዝ ያለው ሰው ነበልባሉ ከሰማያዊነት ወደ ቢጫ ሲለወጥና የድስቱ ቂጥ መጥቆር ሲጀምር፣ አየር ከጋዙ ጋር የሚደባለቅበት ቀዳዳ በቅባትና በአቧራ ተደፍኗል ማለት ነው፤ ጋዙን ዘግቶ ሲቀዘቅዝ ይጥረገው።

ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት ከሞላሰስ የሚወጣውን ኤታኖል በተመለከተ፣ በፊንጫ ይመረታል፤ በሶማሌ ክልል በቀብሪበያህ የስደተኞች መጠለያም በዚሁ ነዳጅ የሚሠሩ ምድጃዎች አገልግለዋል። ከላይ እንደ ተገለጠው ጥቀርሻው ከኢምንት የማይቆጠር ነው። ነገር ግን ነበልባሉ በቀን በጉልህ ስለማይታይ ጠፍቷል ብሎ በሚነድ ምድጃ ላይ ኤታኖል የሚጨምር ሰው እሳቱ በዕቃው ጉሮሮ ወደ እጁ ይመለስበታል፤ ስለዚህ ምድጃው መቀዝቀዙ በእጅ ተዳስሶ ሳይረጋገጥ አይሞላም።